ጄኔራል በትለርና ሦስቱ «ኮንትሮባንዶች»

«ኮንትሮባንድ» የሚለውን ቃል የማያውቅ ሰው በመካከላችን አይገኝም። ቀረጥ ሳይከፈልበት በሌሊት ድንበር ተሻግሮ የገባ ጨርቅ ወይም ሲጋራ ማለት ነው። ይኸው ቃል ግን በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን፣ ከ1861 እስከ 1865 ድረስ፣ የዕቃ ስም መሆኑ ቀርቶ የሰዎች መጠሪያ ሆኖ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልኝ።) ከጌቶቻቸው አምልጠው ወደ ሰሜኑ ጦር የገቡት ባሮች በጋዜጣም፣ በጦር ሠራዊቱም፣ በተራው ሰው አፍም «ኮንትሮባንዶች» ይባሉ ነበር። ሰው በዕቃ ስም መጠራቱ የሚያሳፍር ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለብዙ ሺህ ሰዎች የነጻነት በር የተከፈተው በዚሁ በሚያሳፍረው ስም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ማስረዳትና ስሙን በሥራ ላይ ያዋለውን ጠበቃ፣ ወታደርና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በትለርን ከነጉድለቱ ማስተዋወቅ ነው።

በትለር በኖቬምበር 5 ቀን 1818 ኒው ሃምፕሺር ውስጥ ዲርፊልድ በምትባል ቀበሌ ተወለደ። አባቱ በመርከብ ሥራ የሚተዳደር ሰው ሲሆን ልጁ ገና ጡት ሳይጥል በካሪቢያን ደሴቶች በቢጫ ወባ ሞተ። እናቱ ሻርሎት የቤቱን ጣጣ ብቻዋን ተሸክማ ከቆየች በኋላ በ1828 ገደማ ሎዌል ወደምትባለው የማሳቹሴትስ የፋብሪካ ከተማ ሄደችና ለሠራተኞች ማደሪያና ቀለብ የሚሰጥ ቤት እያስተዳደረች ልጆቿን አሳደገች። ሎዌል በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የጨርቅ ፋብሪካዎች መናኸሪያ ነበረች። ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ከማለዳ እስከ ማታ፣ በቀን 12ና 13 ሰዓት፣ በመሸመኛው መኪና ፊት ይቆሙ ነበር። የሚፈትሉትንና የሚሸምኑትን ጥጥ ደግሞ በደቡብ ክፍል ያሉ ባሮች ይለቅሙት ነበር። ልጁ በትለር ያደገው እንግዲህ በእነዚህ ሠራተኞች መካከል፣ የሰው ድካም በሰዓትና በሳንቲም ሲመዘን እያየ ነው።

የልጅነት ምኞቱ ወታደር መሆን ነበር። ነገር ግን ዌስት ፖይንት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤት ለመግባት ሞክሮ ሳይሳካለት ቀረ። እናቱ ሰባኪ እንዲሆንላት ስለ ፈለገች ሜይን ውስጥ ወደሚገኘው ወደ ዋተርቪል ኮሌጅ ላከችው። እዚያ ሳለ ያደረገው ነገር ለእኛ ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባው ነው። በኮሌጁ ጸሎት ቤት መገኘት ግዴታ ነበር። አንድ ቀን ሰባኪው ከሰው ልጅ መካከል የሚድኑት እጅግ ጥቂት ምርጦች ብቻ እንደ ሆኑ፣ ስብከቱን ሰምቶ ያልዳነ ሰው ደግሞ ካልሰማው ይልቅ ቅጣቱ እንደሚብስበት አስተማረ ይባላል። በትለር ወዲያው ማመልከቻ ጻፈ። እኔ ከጥቂቶቹ ምርጦች መካከል የመሆን ተስፋዬ አነስተኛ ስለ ሆነ፣ ስብከት በሰማሁ ቁጥር ቅጣቴ እየበዛ እንዳይሄድ ከጸሎት ቤት እንድቀር ይፈቀድልኝ ሲል አመለከተ። ያገኘው መልስ ግን ተግሣጽ ነበር። ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ሆኖም የሰውየው የወደፊት ስልት በሙሉ በዚህች ማመልከቻ ውስጥ ይገኛል፤ ይኸውም የባላጋራን ቃል እንዳለ ተቀብሎ፣ ወደ መጨረሻው እስኪደርስ ድረስ ገፍቶ፣ በገዛ ቃሉ ማሰር ነው።

በ1838 ኮሌጁን ጨርሶ በ1840 ጠበቃ ሆነ። ዓይኑ ሸውራራ፣ ጠባዩም ነገረኛ ነበር ይባላል። ለክርክር ግን ተወዳዳሪ አልነበረውም። ደመወዟን የተከለከለች አንዲት የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ እርሱ በመጣች ጊዜ ፋብሪካውን በሙሉ የሚያንቀሳቅሰውን፣ በውሃ የሚዞረውን ትልቅ መንኰራኩር በዕዳዋ መያዣነት ለማስከበር ስለ ተነሣ ባለቤቶቹ ሳይውሉ ሳያድሩ ከፈሉ እየተባለ ይተረክለታል። የሠራተኞች የሥራ ቀን በ10 ሰዓት እንዲወሰንም ከሚከራከሩት አንዱ ነበር። እንዲሁ እየተሟገተ ከበርቴ ሆነ።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው በትለር የባርነት ጠላት ነበር ብሎ ሊገምት ይችላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። እርሱ የዲሞክራት ፓርቲ ሰው ነበር፤ ይህ ፓርቲ ደግሞ በዚያን ዘመን የደቡቦቹን የባሪያ ጌቶች መብት የሚያስከብር ነበር። በ1860 ፓርቲው ለፕሬዚዳንትነት እጩ ለመምረጥ ቻርልስተን ላይ በተሰበሰበ ጊዜ በትለር ድምፁን ለሚሲሲፒው ለጄፈርሰን ዴቪስ ከ50 ጊዜ በላይ ሰጠ። ይኸው ዴቪስ በሚቀጥለው ዓመት የተገንጣዮቹ የደቡብ ግዛቶች ፕሬዚዳንት ሆነ። ከዚህም ሌላ ጦርነቱ በኤፕሪል 1861 ሲፈነዳ በትለር የማሳቹሴትስን ወታደሮች እየመራ ሜሪላንድ ገብቶ ሳለ፣ ባሮች ያምፃሉ የሚል ወሬ ቢሰማ ወታደሮቼን ሰጥቼ አመፁን ላጠፋ ዝግጁ ነኝ ብሎ ለግዛቲቱ አገረ ገዥ ጽፎ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ከዚህ ደብዳቤ በኋላ አንድ ወር ብቻ ቆይቶ የሆነ ነው።

ፕሬዚዳንት ሊንከን በትለርን ሜጀር ጄኔራል አድርገው ሾሙትና በሜይ 22 ቀን 1861 ፎርት ሞንሮ የሚባለውን ምሽግ ለማዘዝ ደረሰ። ምሽጉ በቨርጂኒያ ባሕር ዳር ያለ ታላቅ የድንጋይ ግንብ ነው። ቨርጂኒያ ተገንጥላ ሳለ ግንቡ ግን በሰሜኖቹ እጅ ቀርቶ ነበር። የቨርጂኒያ ሕዝብ መገንጠሉን በድምፅ ያጸደቀው በሜይ 23 ነው። በዚያችው ሌሊት ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪና ጄምስ ታውንሰንድ የተባሉ ሦስት ባሮች በአንዲት ትንሽ ጀልባ ወሽመጡን ቀዝፈው ተሻገሩና ለምሽጉ ዘበኞች እጃቸውን ሰጡ። ጌታቸው በተገንጣዮቹ ጦር ውስጥ ኮሎኔል የነበረው ቻርልስ ማሎሪ ነው። ሦስቱ ሰዎች ከፎርት ሞንሮ ፊት ለፊት ባለው ዳርቻ ላይ የመድፍ ምሽግ እንዲሠሩ ተደርገው ነበር። ከዚያም ከሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው አርቆ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሊወስዳቸው መሆኑን በሰሙ ጊዜ ቈረጡ።

ሦስቱ ሰዎች የተጋፈጡትን አደጋ ማሰብ ያስፈልጋል። ሊንከን ጦርነቱ የአገር አንድነት ጦርነት እንጂ ባርነትን ለማጥፋት የተነሣ አይደለም እያሉ ይናገሩ ነበር። ባርነትን የፈቀዱ አራት ግዛቶች፣ እነርሱም ሜሪላንድ፣ ደላዌር፣ ኬንታኪና ሚዙሪ፣ ገና ከሰሜኑ ጋር ስለ ነበሩ መንግሥቱ እነርሱን ማስቀየም አልፈለገም። በ1850 የወጣው ሕግ የኮበለለ ባሪያ ለጌታው እንዲመለስ ያዛል። ሌሎች የሰሜን መኰንኖችም ይህንኑ ሕግ እየጠቀሱ የኮበለሉትን ይመልሱ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ቢመለሱ የሚጠብቃቸው ግርፋት ወይም ከዚያ የከፋ ነበር። ስለዚህ ነጻነታቸውን የሚያረጋግጥ አንድም የሕግ ቃል ሳይኖር፣ በግምትና በድፍረት ብቻ ነበር የመጡት።

በማግሥቱ በትለር ሰዎቹን አንድ በአንድ አስጠርቶ ጠየቃቸው። የሚሠሩት ምሽግ መድፉን ወደ እርሱ የሚያነጣጥር መሆኑንም ተረዳ። ወዲያውም ሜጀር ጆን ኬሪ የሚባል የተገንጣዮቹ መኰንን ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣ፤ የኮሎኔል ማሎሪ ወኪል መሆኑን ገልጦ ባሮቹ በሕጉ መሠረት እንዲመለሱ ጠየቀ። በትለር የሰጠው መልስ በአጭሩ ሲተነተን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የኮበለለ ባሪያ ይመለስ የሚለው ሕግ የተባበሩት የአሜሪካ ግዛቶች ሕግ ነው፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ራሷን የውጭ አገር አድርጌአለሁ ትላለች፤ የውጭ አገር ሰው በዚህ ሕግ ሊጠቀም አይችልም። ሁለተኛ፣ ኮሎኔሉ ወደዚህ መጥቶ ለአሜሪካ መንግሥት ታማኝ ልሆን ብሎ ቢምል ሰዎቹን ይወስዳል። (ኮሎኔሉ ይህን ሊያደርግ እንደማይችል ሁሉም ያውቃል።) ሦስተኛ፣ እናንተ ባሪያ ንብረት ነው ትላላችሁ። መልካም፤ ንብረት ከሆነ፣ ይህ ንብረት በእኔ ላይ የሚተኩስ የመድፍ ምሽግ ሲሠራበት ነበር። በጦርነት ሕግ ደግሞ ጠላት ለጦር ሥራ የሚያውለውን ንብረት መያዝ ይፈቀዳል። ስለዚህ ሰዎቹ የጦርነት ኮንትሮባንድ ናቸውና አልመልስም።

አባቶቻችን እሾህን በእሾህ የሚሉት ይህን ነው። በትለር ባሮቹ ሰዎች ናቸውና ነጻ ይውጡ ብሎ ቢከራከር ኖሮ የሚደግፈው ሕግ አልነበረም፤ አለቆቹም ወዲያው ይሽሩት ነበር። እርሱ ግን የጌቶቹን መነሻ ሐሳብ ሳይነካ ተቀበለ፤ ከዚያ መነሻ ተነሥቶ ጌቶቹ ሊደርሱበት ወደማይፈልጉት መድረሻ ወሰዳቸው። መልሱም ሦስት ወገኖችን በአንድ ጊዜ አስደሰተ። ወታደሩ የጠላትን ጉልበት ስለሚቀንስ ወደደው፤ ባርነትን የሚጠሉት ሰዎች ባሮቹ ስላልተመለሱ ወደዱት፤ ስለ ባሮቹ ምንም የማይገደው ሰው ደግሞ የንብረት መብት አልተነካም ብሎ ዝም አለ። የጦር ሚኒስትሩም ከጥቂት ቀን በኋላ ውሳኔውን አጸደቁት።

ወሬው ግን ከደብዳቤ ይልቅ በባሮቹ አፍ ፈጥኖ ሄደ። ሦስቱ ሰዎች እንዳልተመለሱ በተሰማ ጊዜ ከሁለት ቀን በኋላ ስምንት ሰዎች መጡ፤ በማግሥቱ 47 ሰዎች ገቡ። ከእነዚህ መካከል ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በዚህ ጊዜ የጠበቃው ክርክር መንገዱ ጠበበበት። ምሽግ የሠራ ጐልማሳ የጦርነት ንብረት ነው ይባል፤ የሦስት ወር ሕፃን ምን ዓይነት የጦር መሣሪያ ነው? በትለር ሕፃናቱንም ተቀበለ። በጁላይ መጨረሻ በምሽጉ ዙሪያ የተጠለሉት 900 ያህል ስለ ደረሱ ለጦር ሚኒስትሩ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ እነዚህ ሰዎች ንብረት ናቸው ወይስ አይደሉም? ጌቶቻቸው ጥለዋቸው ከሸሹ በኋላ አሁንም ባሮች ናቸው ወይስ ነጻ ሰዎች? እያለ ጠየቀ። በሜይ ወር ንብረት ናቸው ብሎ የተሟገተው ሰው በሁለት ወር ውስጥ ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ተገደደ ማለት ነው። ያስገደደውም ሌላ ነገር አይደለም፤ በየሌሊቱ እየቀዘፉና በእግራቸው እየገሠገሡ የሚመጡት ሰዎች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ሕጉ ሰዎቹን እየተከተለ ሄደ። በኦገስት 1861 ኮንግሬስ ለተገንጣዮቹ ጦር ሥራ የዋሉ ባሮችን ጌታ መልሶ መጠየቅ እንዳይችል ደነገገ። በማርች 1862 የጦር መኰንኖች የኮበለለን ባሪያ እንዳይመልሱ ተከለከሉ። በጃንዋሪ 1863 የሊንከን የነጻነት አዋጅ ወጣ፤ በዲሴምበር 1865 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ላይ በተደረገው 13ኛው ማሻሻያ ባርነት በመላው አገር ተሻረ። በእርግጥ የኮንትሮባንዶቹ ኑሮ የተደላደለ አልነበረም። በፎርት ሞንሮ የሠሩ ብዙዎች ደመወዛቸው እየዘገየ ወይም ጨርሶ እየቀረ አቤቱታ ያሰሙ ነበር። ንብረት ተብሎ የተያዘ ሰው እንደ ንብረት መታየቱ ቶሎ አይለቅም።

የበትለር ስም እጅግ የገነነውና እጅግ የከፋው ግን ኒው ኦርሊንስ ላይ ነው። ከተማዋ በሰሜኖቹ የባሕር ኀይል ስለ ተያዘች በሜይ 1862 ገብቶ ያስተዳድራት ጀመር። የአሜሪካን ባንዲራ ያወረደውን ዊልያም ማምፎርድን በስቅላት ቀጣው። የከተማዋ እመቤቶች ወታደሮቹን መሳደባቸውን ባላቆሙ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ወታደር የምትሰድብ ሴት እንደ መንገድ አዳሪ ትቈጠራለች የሚል ትእዛዝ አወጣ። ትእዛዙ በእንግሊዝ አገር ፓርላማ ሳይቀር ተወገዘ። የወንድሙ ያለ አግባብ መክበር ብዙ ሐሜት አስነሣ፤ በትለርም የብር ማንኪያ ይሰርቃል ተብሎ «ማንኪያ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ደቡቦቹ ደግሞ «አውሬው» ይሉት ነበር። በዲሴምበር 1862 ጄፈርሰን ዴቪስ፣ ያ ከ50 ጊዜ በላይ ድምፁን የሰጠው ሰው፣ በትለር በተያዘበት ቦታ እንዲሰቀል አዋጅ አወጀ።

ሆኖም ይኸው «አውሬ» የከተማዋን ቦይና መንገድ አስጠረገ፤ ከውጭ የሚመጡ መርከቦችን ከወደብ ውጭ እያቈየ አስመረመረ። በ1853 በዚያች ከተማ 8,000 ያህል ሰው የፈጀው ቢጫ ወባ በእርሱ ዘመን እጅግ ጥቂት ሰው ብቻ ነካ። ከሀብታሞች ቀረጥ አስከፍሎም ድኾችን መገበ። በባሪያው ነገር ላይ ግን አሁንም ያመነታ ነበር። በበታቹ ያለ ጄኔራል ፌልፕስ የሚባል መኰንን የኮበለሉትን ባሮች ላስታጥቅ ሲል በትለር ከለከለው፤ ፌልፕስም ሥራውን ለቀቀ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የወታደር እጥረት ሲያስጨንቀው ራሱ በትለር በሴፕቴምበር 1862 ጥቁር ወታደሮችን በክፍለ ጦር አደራጀ፤ አንዳንዶቹን የሚመሩትም ጥቁር መኰንኖች ነበሩ።

በጦር ሜዳ አዛዥነቱ በትለር የሚመሰገን አልነበረም። በ1864 ሪችመንድን ለመያዝ የተሰለፈው ጦሩ በሁለት ወንዞች መካከል ተዘግቶበት፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ እንደ ተከደነበት ሰው ሆነ ተብሎ ተቀለደበት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፎርት ፊሸር የሚባለውን ምሽግ ሳይዝ ስለ ተመለሰ ከአዛዥነቱ ተነሣ። ነገር ግን በሴፕቴምበር 29 ቀን 1864 በኒው ማርኬት ሃይትስ በእርሱ ሥር ያሉት ጥቁር ወታደሮች ምሽጉን በጠመንጃ ሳንጃ ሰብረው ገቡ፤ 14ቱም የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን አገኙ። ጥቁር ሰው መዋጋት አይችልም የሚለው አፍ ከዚያ ቀን ወዲህ ይዘጋ ዘንድ ይገባው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ በትለር ወደ ሪፐብሊካን ፓርቲ ተሻግሮ በ1867 የኮንግሬስ እንደራሴ ሆነ። በ1868 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን ሲከሰሱ ከከሳሾቹ ግንባር ቀደም እርሱ ነበር፤ ክሱ በአንድ ድምፅ ጉድለት ወደቀ። በሌሊት ጥቁሮችን የሚገድለውንና የሚገርፈውን ኩ ክሉክስ ክላን የተባለ ማኅበር ለመቅጣት በ1871 ለወጣው ሕግ ከታገሉት መካከል ነው። በ1875 ደግሞ በባቡር፣ በሆቴልና በቴአትር ቤት ሰው በቀለሙ እንዳይለይ የሚያዘውን ሕግ በኮንግሬስ አስተላለፈ። ይህን ሁለተኛውን ሕግ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1883 ሻረው፤ የሚመስለው ሕግ እስኪወጣም እስከ 1964 ድረስ መጠበቅ ግድ ሆነ። የ1871ዱ ሕግ አንዱ ክፍል ግን ዛሬም ይሠራል፤ በመንግሥት ሹም መብቱ የተነካበት አሜሪካዊ የሚከሰው በእርሱ ነው።

በ1883 በትለር የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ሆነ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ለአገረ ገዦች የሕግ የክብር ዶክትሬት የመስጠት ልማድ ነበረው፤ ለበትለር ግን ከለከለው። እርሱም በዚያው ዓመት ጆርጅ ልዊስ ራፊንን በግዛቲቱ የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ አድርጎ ሾመ። ራፊን ደግሞ ከሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። በ1884 በትናንሽ ፓርቲዎች እጩነት ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ 175,000 ያህል ድምፅ ብቻ አገኘ። በ1892 ከ1,000 ገጽ በላይ የሆነ የሕይወት ታሪኩን አሳትሞ በጃንዋሪ 11 ቀን 1893 ሞተ።

እንግዲህ በትለር ደግ ሰው ነበር ወይስ ክፉ? በክርክራችን ሁሉ የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ያሳስተናል እላለሁ። በኤፕሪል 1861 የባሮችን አመፅ ላጥፋ ያለውና በሜይ 1861 ባሮቹን አልመልስም ያለው ያው አንድ ሰው ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ ልቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በፊቱ የቆመው ነገር ነው። በኤፕሪል ባሪያ ለእርሱ ወሬ ነበር፤ በሜይ ግን ሦስት ሰዎች ስማቸውን እየነገሩ በፊቱ ቆሙ። ሕጉን የተረጐመው በትለር ነው። እንዲተረጐም ያስገደዱት ግን ቤከር፣ ማሎሪና ታውንሰንድ ናቸው። ባይቀዝፉ ኖሮ የጠበቃው ብልሃት በኪሱ እንደ ያዘው ይቀር ነበር፤ ቀዝፈው ሕጉን ብቻ የሚያነብ መኰንን ቢያገኙ ደግሞ ተገርፈው ይመለሱ ነበር።

ሕግ ለምናጠናም ለማናጠናም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የጨቋኝ ሕግ ሁሉ በውስጡ የራሱን ቅራኔ ይዞ ይኖራል፤ ቅራኔውን ለማየት የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል፤ ዓይኑን ወደዚያ የሚያዞረው ግን ወሽመጡን ለመሻገር የደፈረ ሰው ነው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ለሚል ሰው በትለር ከ1,000 ገጽ በላይ ጽፎ መሞቱን፣ ሦስቱ ሰዎች ግን አንድም መጽሐፍ ሳይተዉ ማለፋቸውን አስታውሼ ፍርዱን ለእርሱ እተዋለሁ።

ፎርት ሞንሮ የቆመበት ቦታ ራሱ ምስክር ነው። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በቨርጂኒያ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን በ1619 በመርከብ ተጭነው የወረዱት በዚያው ዳርቻ ነበር። ከ242 ዓመት በኋላ ሦስቱ ሰዎች የገቡትም እዚያው ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ ጄፈርሰን ዴቪስ ተይዞ ሁለት ዓመት የታሰረው በዚያው ምሽግ ውስጥ ሲሆን፣ በ2011 ፕሬዚዳንት ኦባማ ስፍራውን ብሔራዊ መታሰቢያ ብለው ሰይመውታል።